አሥራ ሦስተኛው ልኬት

ታላቅየዋ ስህተቷን ያገኘችው ሰኞ ጠዋት፣ ሻይዋ ገና ሳይበርድ ነው። አንዲት ዜሮ ጎድላለች። ከነጥቡ በኋላ ሦስት ዜሮ መቀመጥ ሲገባው የተቀመጠው ሁለት ብቻ ነው። የጻፈችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት፤ ከአምስት ወር በፊት፣ በገዛ እጇ። በመሥሪያ ቤቱ ከእሷ የባሰ ጠንቃቃ የለም ይባላል። ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣላት ገና አገላብጣ ሳታየው «ድገመው» ስለምትል ከኋላዋ «ወይዘሪት ድገሙት» ይሏታል። ይህን ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ሥራዋ በኮምፒውተር ውስጥ ጠብታ መሥራት ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ፈሳሽ መድኃኒት መርፌ በሚያህል ቀጭን የብረት ቱቦ ይመጣል፤ ቱቦው ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይለቀቅበታል። ያን ጊዜ ፈሳሹ እንደ ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ ማለቱን ይተውና፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ ፊት ሲጎትተው እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሾላል። ከሹሉ ጫፍ ከፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል፤ ክሩም ብዙ ሳይርቅ ተበጣጥሶ ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይሆናል። ታላቅየዋ ይህን ሁሉ ፈሳሽም ሽቦም ሳትነካ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በስሌት ታስመስለዋለች። የፈሳሹን ጠባይ በቁጥር ታስገባለች፤ ኮምፒውተሩ ሲያምጥ ቆይቶ ጠብታው ምን ያህል እንደሚሆን ይነግራታል። የጎደለችው ዜሮም ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ፣ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት አቅም ላይ ነበረች።

ዜሮዋን ቦታዋ መለሰቻትና ስሌቱን እንደገና አስነሳች። መልሱ ከምሳ በፊት ወጣ። በማይክሮን፣ በሚሊሜትር ሺህኛ ሲለካ ሦስት ነጥብ አራት የነበረው ጠብታ አምስት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህ እንዲያው የሚታለፍ ልዩነት አይደለም። መድኃኒቱ የሳንባ ሕሙማን በአፋቸው የሚስቡት ነው። ጠብታው ከአራት ማይክሮን ካነሰ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፤ ከበለጠ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በሽተኛውም መድኃኒት የወሰደ እየመሰለው ትንፋሽ ያጥረዋል። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ኮሚቴ ተቀምጦ መሣሪያው በሰው ላይ ይሞከር ብሎ ሊወስን ነው።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል። ያስደነገጣት ሌላ ነበር። ያ የተሳሳተ ስሌት ብቻውን አልቆመም። እውነተኛው ጠብታ በካሜራ ተለክቶ፣ አንዴ ሳይሆን አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ፈሳሹ ሲፈጥንም ሲዘገይም፣ ከእሷ ቁጥር ጋር ልክክ ብሎ ነበር። ያን ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሁለቱ ቁጥሮች የተደራረቡበትን ሥዕላዊ መግለጫ ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። ታዲያ ስሌቱ ስህተት ከነበረ ልኬቱ እንዴት ገጠመው? እውነተኛ ጠብታ የእሷን ስህተት ከየት ያውቃል? አንድ ሰው ቁጥሯን እያየ ካልገለበጠው በቀር።

ልኬቱን የሠራችው ታናሽ እህቷ ናት።

እህቲቱን ሁሉም ሰው ሚጢ ይላታል፤ በቁመት ታላቋን በአንድ ራስ ከበለጠቻት ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አልለቀቃትም። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያበላቻትም፣ ያስጠናቻትም፣ ከሁለት ዓመት በፊት እጇን ይዛ እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባቻትም ታላቋ ናት። አንድ ቤት ይኖራሉ፣ በአንድ አውቶቡስ ይመጣሉ። ታላቅየዋ በዓለም ላይ የምትሳሳለት ነገር ቢኖር ይህቺው ልጅ ናት። ልኬት ፈጥራ ጽፋ ከተገኘች ግን በመባረር ብቻ አያበቃም፤ ከእንግዲህ አንድም ላቦራቶሪ ደጁን አያስረግጣትም። ዝም ከተባለ ደግሞ እነዚያ በሽተኞች አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደረጃውን ወርዶ «ሚጢ፣ ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሁለት ደቂቃም ይገላገላል። ታላቅየዋ አልጠየቀችም። ብጠይቃት ትዋሸኝ ይሆናል ብላ ፈራች፤ ከዋሸችኝ ደግሞ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለች። ስለዚህ መጠየቁን ትታ መሰለል ጀመረች።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ሚጢ ግማሹን ምግብ ተወችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ብዪ እንጂ» ብላ ትቆጣት ነበር፤ አሁን ግን ለምን ተወችው ብላ በዓይነ ቁራኛ ትከታተላት ያዘች። ከሰዓት በኋላ ሳታንኳኳ ልኬት ክፍል ብቅ ስትል ሚጢ መሳቢያውን ድርግም አድርጋ ዘጋች። ወጣ እስክትል ጠብቃ መሳቢያውን ከፈተችው። ግማሹ የተበላ ብስኩት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ሌላ ሰው ይስቅ ነበር። ታላቅየዋ ግን፣ ብስኩት የምትደብቅ ሌላስ ምን አትደብቅም አለች።

ከብስኩቱ አጠገብ የልኬት ደብተሩ ነበር። አገላበጠችው። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው፤ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። ሰው ሆኖ አምስት ወር ሙሉ አንዲት ቁጥር የማይሰርዝ ማን አለ? የመጀመሪያው ገጽ ጋ ስትደርስ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። አንድ ወረቀት ተቀዷል፤ ስፌቱ ላይ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል። ደብተሩን እንደነበረ መልሳ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ወጥመድ ዘረጋች።

«ሚጢ፣ ለኮሚቴው አንድ ተጨማሪ ልኬት ያስፈልገናል፤ አሥራ ሦስተኛ» አለቻት። «የፈሳሹን ፍጥነት ከእስካሁኑ ቀነስ አድርጊው። የእኔ ስሌት ሁለት ነጥብ ሁለት ይላል።»

ቁጥሩ ከአየር ላይ የተዘገነ ነው። የታረመው ስሌት የሚለው አራት ነጥብ ሦስት ነበር። ሚጢ ሁለት ነጥብ ሁለት ብላ ከመጣች ነገሩ አለቀ፤ እጅ ከፍንጅ ማለት ነው።

«እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ» አለች ሚጢ፣ ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች።

በዚያ ቀን አላደረሰችም። ረቡዕም አላደረሰችም። ሌላውን ልኬት በግማሽ ቀን የምትጨርስ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ትሠራለች? ታላቅየዋ በበሩ መስታወት አጮልቃ ስታያት ሚጢ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፤ ቱቦውን ትፈታለች፣ ታጥባለች፣ መልሳ ትገጥማለች። ወጥመዱን ነቅታበት ይሆን? ወይስ ለክታ ስለማታውቅ እንዴት እንደሚለካ ጠፍቷት ነው? ማታ አውቶቡስ ላይ እንደዋዛ «ልኬቱስ?» ስትላት፣ ሚጢ «ትንሽ ቀረኝ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስቲ አሁን መስኮቱ ምን ይታይበታል? ሁልጊዜ የሚያልፉት ያው ጎማ ቤትና ያው ፋርማሲ ነው።

እቤት ገብተው ታላቅየዋ ልብስ ስትቀይር ሚጢ ማዕድ ቤት ሆና በስልክ ታወራለች፤ አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ጋር ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ታላቅየዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ከእሷ ቁጥር ጋር ላጋጥመው አልቻልኩም...» ትላለች ሚጢ። «ኧረ ለእሷማ አልነግራትም። በምን አፌ?»

ታላቅየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ላጋጥመው አልቻልኩም! ከዚህ በላይ ምን ልስማ አለች። ያሳደገቻት ልጅ ቁጥር የምታጋጥም ሆና ቁጭ አለች፤ ያውም የእሷን ቁጥር፣ ያውም የተሳሳተውን። እራት ላይ ሚጢ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ ልትናገር ፈልጋ ተወችው። ታላቅየዋም ሳህኗን አንስታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ሐሙስ ጠዋት በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። ኃላፊው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ቢሏቸው እንኳ «ማስረጃ?» ስለሚሉ ሠራተኛው «ጋሽ ማስረጃ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል።

«ልኬቶቹ በትክክል የተለኩ አይመስለኝም» አለቻቸው፣ ወንበር ሳትይዝ።

«የእህትሽን ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«ማስረጃ?»

ሁሉንም ዘረገፈችው። ስለ ዜሮዋ፣ አሥራ ሁለቱ ልኬቶች የገጠሙት የተሳሳተውን ስሌት ስለመሆኑ፣ ስለ ተቀደደው ገጽ፣ በስልክ ስለሰማችው ነገር። ጋሽ ማስረጃ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«ራሷን ጠይቀሻታል?»

«አልጠየቅኳትም።»

ትንሽ አዩዋት። «ከኮሚቴው በፊት ማጣራት አለብኝ። እስከዚያ ላቦራቶሪው ይዘጋ» አሉና ስልኩን አነሱ። ታላቅየዋ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ መጀመሪያ ላነጋግራት» ልትል ፈልጋ ነበር። ወጥታ ስትሄድ ሸክም የወረደላት መሰላት፤ ደረጃውን ጨርሳ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ሸክሙ እዚያው ነበር።

ጠረጴዛዋ ጋ ሚጢ ቆማ ትጠብቃታለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እጇ ላይ አንድ ወረቀት አለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች።

መጣልሽ፣ አለች ታላቅየዋ በሆዷ። ልትናዘዝ ነው።

«ዘጠኝ ጊዜ ለካሁት። ቱቦውን ቀየርኩ፣ ፈሳሹን ቀየርኩ፣ ካሜራውን ነቅዬ መልሼ ተከልኩ። ካንቺ ቁጥር ጋር አልገጥም አለኝ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነው የሚለው፤ ዘጠኙንም ጊዜ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ምን እንደማጠፋ አላውቅም።»

ታላቅየዋ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። የወጥመዱ ቁጥር አይደለም፤ የታረመውም ስሌት አይደለም። ልጅቷ ወጥመዱ ውስጥ አልገባችም። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ካልኩሌተሯን ሳበች። የታረመውን አምስት ለድሮው ልኬት፣ ለሦስት ነጥብ አራት አካፈለችው። የታረመውን አራት ነጥብ ሦስት ለሁለት ነጥብ ዘጠኝ አካፈለችው። ከሞላ ጎደል አንድ መልስ ነው፤ ከአንድ ተኩል ትንሽ ያነሰ። ቁጥር የሚፈጥር ሰው፣ ማንም ያላሳየውን ቁጥር በዚህ ልክ አስተካክሎ አያጣምምም። ልጅቷ ለክታለች። የተጣመመው የምትለካበት ነገር ነው።

«ሚጢ» አለች ቀስ ብላ፣ «የካሜራሽን ልክ ያስተካከልሽው በምንድን ነው?»

ሚጢ መሬት መሬት ታይ ጀመር። «በመስታወቷ ነበር» አለች። መስታወቷ ቀጫጭን መስመር የተቀረጸባት ናት፤ ካሜራው ፊት ስትደረግ የምስሉ አንድ ነጥብ ስንት ማይክሮን እንደሆነ ታሳውቃለች። «የመጀመሪያ ቀን በእሷ አስተካክዬ ስለካ አምስት አለኝ። አንቺ ደግሞ ሦስት ነጥብ አራት ብለሻል። መስታወቷ ጥጓ የተሰበረ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚገልጽ ወረቀትም የላትም። በቃ የተበላሸችው እሷ ናት አልኩና የካሜራውን ልክ ባንቺ ቁጥር አስተካከልኩት። ያንን ገጽ ስላፈርኩበት ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ቁጥር አልነካሁም፣ እናታችን ትሙት ብዬ እንዳልምል ሞታለች። የሰረዝኩት እንዳይታይ በሌላ ወረቀት እየጻፍኩ ነበር የምገለብጠው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልትይኝ? ድገሚው ነዋ። ተማሪ እያለሁ መልሴ ካንቺ መልስ ካልገጠመ መጽሐፉን እንኳ ሳታዪ ድገሚው ነበር የምትይኝ። ሁልጊዜ ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ እገኝ ነበር። ትናንትም እንደገና የካሜራውን ልክ ላዞረው ብዬ ነበር፤ ግን አሥራ ሁለቱ ሊበላሹብኝ ሆነ።»

ታላቅየዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይህቺ ልጅ እውነተኛውን ቁጥር ከአምስት ወር በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በዓይኗ አይታዋለች። አይታም የገዛ ዓይኗን ሳታምን ቀርታለች፤ የእህቷን ቁጥር ግን አምናለች።

«ትክክል ነበርሽ» አለቻት። «ጠብታው አምስት ነው። ዜሮ ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ሚጢ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «እትዬ ተሳሳተች? አንቺ? ኧረ ይህማ በግድግዳ ላይ ይጻፍ!» ታላቅየዋም አብራት ሳቀች፤ ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሚጢ ሳቋን ቀስ በቀስ ተወችው።

«ቆይ ግን» አለች፣ ወረቀቱን እያየች። «ስሌትሽ ከታረመ ይህኛው ስንት ነው የሚሆነው?»

«አራት ነጥብ ሦስት።»

«ታዲያ ሁለት ነጥብ ሁለት ያልሽኝ ከየት አምጥተሽው ነው?»

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የሕንጻው ጥበቃ ነበር፤ ኮፍያውን እያሻሸ ሚጢን እንጂ ታላቅየዋን አላያትም።

«የላቦራቶሪውን ቁልፍ ከእሷ ተቀበል ተብዬ ነው» አለ። «ኃላፊው ናቸው። ምርመራ አለ ነው የሚሉት።»

«የምን ምርመራ?» አለች ሚጢ። ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ። ሚጢ ወደ እህቷ ዞረች። የእህቷ ፊት ሁሉንም ነገራት።

«ስህተትሽን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው እትዬ።»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «ቁጥሬን የገለበጥሽ መሰለኝ» አለች። «ሁለት ነጥብ ሁለቱ ልፈትንሽ ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ለጋሽ ማስረጃ ነገርኳቸው።»

«እኔን ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅሽ።»

ሚጢ አልጮኸችም። ብትጮኽባት ለታላቅየዋ ይሻላት ነበር። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለጥበቃው ሰጠችው። «ሁለት ቀን ሙሉ ቱቦውን ጠረጠርኩ፣ ፈሳሹን ጠረጠርኩ፣ ካሜራውን ጠረጠርኩ፣ ራሴን ጠረጠርኩ» አለች። «አንቺን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩሽም።» ከዚያ ወጣች። ያን ቀን በአውቶቡስ ለየብቻ ተመለሱ።

ታላቅየዋ እህቷ እንደወጣች ሽቅብ ወጥታ ለጋሽ ማስረጃ ሁሉንም ተናግራ ነበር። ነገሩ ለመጣራት ብዙ አልፈጀም። ወረቀት ያላት አዲስ መስታወት ተገዝታ መጣች፤ ጠብታው አምስት ሆነ። አሮጌዋም መስታወት ጥጓ ከመሰበሩ በቀር ምንም አልነበረባትም። ለኮሚቴው ይቆይልን ተብሎ ተጻፈ፤ ጠብታውን የሚያሳንስ ጠባብ ቱቦ እንዲሠራ ታዘዘ። ለሁለቱም እህትማማቾች ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ለአንዷ በዜሮዋ፣ ለሌላዋ በካሜራዋ። ላቦራቶሪውም ቁልፉም ለሚጢ ተመለሱ።

ሚጢ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ከእንግዲህ የሚለካው ሰው የሚያሰላውን ሰው ቁጥር፣ የሚያሰላውም የሚለካውን ሰው ቁጥር አስቀድሞ አይይ፤ ሁለቱም በታሸገ ፖስታ ያምጡና በአንድ ላይ ይከፈት አለች። ጋሽ ማስረጃ ማስረጃ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀበሏት፤ እንዲያውም ይህን ያህል ዘመን ሳንሠራበት መቅረታችን ያሳፍራል አሉ።

እቤት ነገሩ እንደ ድሮው ነው ማለት ይቻላል። ሚጢ ሻይ ትቀዳላታለች፣ እትዬ ትላታለች፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አንስታ ታስቃታለች። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስትባል ግን «ደህና ነው» ትልና ሌላ ወሬ ታመጣለች። ታላቅየዋ ይህን ትሰማለች፤ ግን በምን አፏ ትናገራለች? ቁጥሮቹ የገጠሙ ዕለት ሁሉም ይረሳል ብላ ያን ቀን ትጠብቅ ጀመር።

ቀኑም መጣ። ጠባቡ ቱቦ ተሠርቶ አልቆ፣ ጋሽ ማስረጃ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ኃላፊው የታላቅየዋን ፖስታ ቀደው አነበቡ፤ ሦስት ነጥብ ስድስት። የሚጢን ቀደዱ፤ ሦስት ነጥብ ስድስት። ማንም የማንንም ሳያይ። ጋሽ ማስረጃ፣ እነዚያ ጥርሳቸውን አሳይተው የማያውቁት ሰው፣ ፈገግ አሉ። ታላቅየዋ እንደ ልጅ አጨበጨበች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ ሚጢን አቀፈቻት። ሚጢም አልገፋቻትም፤ ታቀፈች፣ ጀርባዋንም መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ በእህቷ ትከሻ ላይ ሆና ኃላፊውን ተናገረች።

«የስሌቱን ቁጥሮች ሌላ ሰው ይያቸው» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድ በአንድ።»

«ገጥሟል እኮ ልጄ!» አሉ ጋሽ ማስረጃ።

«በፊትም ገጥሞ ነበር» አለች ሚጢ።

ታላቅየዋ እጆቿን ከእህቷ ላይ አነሳች። ልጅቷ ያለችው ትክክል ነው፤ በሥራው ወግ ከዚህ የሚሻል ነገር አልነበረም። ወረቀቶቿን ልታመጣ ወጣች።